ሞላ አይቆረጥም

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መኪና ሞላ ነው። ስለ ራሽን፣ ስለ ውሃና ስለ ሪሴትልመንት ማንበብ የለመደ ሰው «ሞላ ደግሞ ምን ያደርግልናል?» ቢል አልቀየመውም። ነገር ግን እዚህ ካኩማ በየብሎኩ መካኒክነት የሚማሩ ልጆች አሉን። ውጭ አገር የገባ ዘመድ በስልካቸው ፎቶ ይልክላቸዋል፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት፣ ጎማዋ ፓራፋንጎ ውስጥ የተሸጎጠ መኪና። ልጆቹም ፎቶውን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ። «ጋሼ፣ ይቺ እንዴት ነው የወረደችው? ሞላዋን ቆርጠውት ነው አይደል?» ይሉኛል። በቅርቡ ደግሞ አንዱ የሰው መኪና ሞላ ሊቆርጥ ግራይንደር የሚያከራይ ሲያፈላልግ ሰማሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው። እሱን ጠርቼ አነጋግሬዋለሁ፤ የቀሩት ግን የት እንዳሉ ስለማላውቅ በዚህ በኩል ልድረስላቸው ብዬ ነው።

መካኒክነትን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፣ ቁልፍ በማቀበል። እኔ በነበርኩበት ጋራዥ መኪና ማውረድ የሚባል ሥራ አልነበረም፤ የኛ ሥራ ማስነሳት ነበር። ሚኒባስ ታክሲ ሰው ጠቅጥቆ ጣሪያው ላይ ደግሞ ጆንያ ሲደረብበት ባሌስትራው ይደክምና ኋላው ቁጭ ይላል። ሶማሌ ተራ ተሂዶ ባሌስትራ ይገዛል፣ ይደረባል፣ መኪናው ቀና ይላል። ስለዚህ ናይሮቢ ገብቼ ሥራ ስጀምር፣ ሰው ደህና መኪናውን ነድቶ መጥቶ «ዝቅ አድርግልኝ» ሲል መጀመሪያ የሚያሾፍ ነበር የመሰለኝ።

ናይሮቢ የኖራችሁ ታውቃላችሁ፣ የዚያ ከተማ ወጣት ሱባሩ ይወዳል። ኢምፕሬዛ፣ ፎሬስተር፣ ሌጋሲ፤ ያገለገለው ከጃፓን በሞምባሳ ወደብ ይገባል። የጭስ ማውጫዋን ጉርምርምታ ሰምቶ ሳያያት «ሱባሩ መጣች» የሚል ልጅ መንገድ ላይ ሞልቷል። ለዚህ ፍቅር አንዱ ምክንያት ሳፋሪ ራሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው ይህ ውድድር ኬንያውያን ከአባት ለልጅ የሚያወሩት ነው። በ1997 ኮሊን ማክሬ፣ በ2000 ሪቻርድ በርንስ ያሸነፉት በሱባሩ ኢምፕሬዛ ነበር። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። ውድድሩ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጥቶ ቆየና በ2021 ተመለሰ። እኔን የሚያስቀኝ አንድ ነገር አለ። ሳፋሪን ያሸነፉት ሱባሩዎች ዝቅ ያሉ አልነበሩም፤ ድንጋይና ጭቃ እንዲያልፉ ተብሎ ከሌላው አገር ውድድር ከፍ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። ልጆቹ ግን ሰማያዊውን ቀለምና ቢጫውን ኮከብ አዩና መኪናዋን አስፋልት ላይ እንደምትሮጠው አደረጓት።

እስቲ ሞላ ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። ሰው ሁሉ «መኪናዋን የሚሸከም ነው» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የተናገረው። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ሞላው ይረዝምና ጎማውን መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጉብታ ሲያገኝ ያጥርና ጎማውን ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ዋናው ሥራው ጎማ ከመሬት እንዳይለይ ማድረግ ነው። መሬት ያልነካ ጎማ ፍሬንም መሪም የለውም። ሞላ ብቻውን ቢሆን ደግሞ መኪናዋ እንደ ኳስ ስትነጥር ትውል ነበር፤ ነጠራውን የሚያረጋጋው አሞርዛተሩ ነው፣ እዚህ ኬንያ ሾክ የሚሉት። ኢምፕሬዛ ላይ፣ በዚያን ጊዜ በምንሠራቸው ሞዴሎች፣ ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ታስረው እንደ ምሰሶ ይቆማሉ፤ ፊትም ኋላም እንደዚያ ነው። ማክፈርሰን ይባላል፣ በፈለሰፈው አሜሪካዊ መሐንዲስ ስም።

መኪና ስታወርድ የምትነካው ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበትን ቦታ ነው። በምሳሌ ላስረዳ። መኪናዋ ቆማ ጎማው ወደ ላይ 7 ሳንቲሜትር መሄድ ይችል ነበር እንበል። 3 ሳንቲሜትር ብታወርዳት የቀረህ 4 ነው። ጉብታው ግን ያው ጉብታ ነው፣ አንተ መኪናህን አወረድክ ብሎ አያጥርልህም። ስለዚህ ለማውረጃ የሚሠራ ሞላ አጭር ብቻ አይደለም፤ ጠንከርም ያለ ነው፣ በቀረችው 4 ሳንቲሜትር ውስጥ ሥራውን እንዲጨርስ። ይህን አስልተው የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። የጀርመኑ አይባክና የጃፓኑ ቴይን ናይሮቢም ስማቸው ይታወቃል። በልኩ ከተሠራ ጥቅም አለው፤ የመኪናዋ ክብደት ወደ መሬት ይቀርባል፣ ኩርባ ላይ መጋደሏ ይቀንሳል። ምቾቷ ግን ይቀንሳል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሰጥ ሞላ አላየሁም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2011 ነው። የጋራዡ ባለቤት ያገሬ ሰው ናቸው፣ ስማቸው ይቆየን። አንድ ኬንያዊ ወጣት ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ይዞ መጣ። ንጹሕ መኪና ናት፣ አዲስ ቸርኬ አስገብቶላታል፣ «አሁን የቀራት መውረድ ብቻ ነው» አለ። አዲስ ሞላ ሲባል ዋጋው ከበደው። ባለጋራዡ ወዲያው ወደኔ ዞር ብለው «አንድ ዙር ቁረጥና ስጠው፣ እስከ ማታ ይሄዳል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ አልቆርጠውም» አልኳቸው።

ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ የሥራ ፈቃድ የሚባል እጄ ላይ የለም፤ ያለኝ የስደተኛ ወረቀት ነው። የቀን ሒሳቤን የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው፣ «ነገ እንዳትመጣ» ቢሉኝ አቤት የምልበት በር የለኝም። ሚስቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛ ኢስሊ በአንዲት ክፍል ቤት ተቀምጣለች፣ ኪራይ ደግሞ ወር ጠብቆ ይመጣል።

«አንተ ልጅ! ስንት ጋራዥ እየቆረጠ ይኖር የለም እንዴ? እኛ ብቻ ሆንን አዋቂ?» አሉኝ ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እውነታቸውን ነው፣ የሚቆርጥ ሞልቷል። እኔም የተቆረጠ ሞላ ምን እንደሚያደርግ ከሌላ ጋራዥ ተበላሽተው ወደኛ ከሚመጡት መኪናዎች አይቻለሁ።

ሞላ ሲቆረጥ ይጠነክራል፣ ይህ ብዙ ሰው የማያምነው ነገር ነው። ስድስት የሚሠራ ጥምዝ ያለውን አንዱን ብትቆርጥ በአምስቱ ላይ ይቀርና ጥንካሬው በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። «ታዲያ ጥሩ አይደለም?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ የሚሆነው መጠኑን አውቆ ላደረገ ነው፤ በግራይንደር የቆረጠ ሰው ምን ያህል እንደወረደና እንደጠነከረ የሚያውቀው መኪናዋን ካወረዳት በኋላ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነም መኪናዋ አንካሳ ሆና ትቀራለች። ከዚህ የሚብሰው ጫፉ ነው። የሞላው ጫፍ ሰሃኑ ላይ ለሱ ተብሎ በተሠራ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። የተቆረጠ ጫፍ እዚያ ላይ አይገጥምም፣ ሹል ሆኖ ሰሃኑን ይቆረቁራል። በጣም ካጠረ ደግሞ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ይላቀቃል፣ ሲመለስ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። በእሳት የሚያወርዱም አሉ። ችቦ ለኩሰው ሞላውን ያግሉትና በክብደቱ ቁጭ ሲል ያቆማሉ። የሞላ ብረት በፋብሪካ ግሎ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ ሞቆ ነው ያን የመመለስ ጉልበት ያገኘው። የብየዳ ችቦ ደግሞ ከ3,000 ዲግሪ በላይ ነው። ያን ጉልበት በደቂቃ ውስጥ ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ብረት እንጂ ሞላ አይደለም፤ አንድ ቀን ወይ ይረግባል ወይ ይሰበራል።

ወጣቱ አማርኛ ባይገባውም ጠብ መኖሩን ፊታችን ላይ አይቷል። «ፉንዲ፣ ችግሩ ምንድነው?» አለኝ በስዋሂሊ። እኔም ስለ ብረቱ ሳልነግረው «ይቺን መኪና ማን ማን ይሳፈርባታል?» አልኩት። በየወሩ እናቱን ናኩሩ ይዞ እንደሚሄድ ነገረኝ። የናኩሩን መንገድ የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ከሊሙሩ ወዲያ መሬቱ ድንገት ይከዳና ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ነው፣ የጭነት መኪናው ከፊትም ከኋላም። «እናትህ ከኋላ ተቀምጠው፣ ቁልቁለቱ ላይ ሞላው ከመቀመጫው ቢወጣ መሪው ወዴት እንደሚወስድህ እኔ አላውቅም» አልኩት። ዝም አለ። ቁልፉን ከጋሼ እጅ ተቀብሎ ሄደ።

ጋሼ ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ሒሳቤን ግን አልከለከሉኝም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣቱ በካርቶን የታሸጉ አራት ሞላዎች ይዞ ተመለሰ፣ ለሷው ሞዴል የተሠሩ፣ 3 ሳንቲሜትር ገደማ የሚያወርዱ። ጋሼም ካርቶኑን አገላብጠው አዩና የእጅ ዋጋውን ጨምረው ጠሩለት። ያን ቀን የሳቅኩትን ሳቅ ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ለሚማሩት ልጆች አገጣጠሙን በዝርዝር ልንገራቸው። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ በክሪክ ብቻ አትቆምም፤ ማቆሚያ ብረት ከሥሯ ይገባል፣ የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ። ጎማው ይወጣል። የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው ከሾኩ ላይ ይፈታሉ፤ ይህን የረሳ ሰው ቱቦውን ይበጥሳል። ሾኩን ከታች ከጎማው ማሰሪያ ጋር የሚይዙት ሁለት ወፍራም ቡሎኖች ናቸው፣ ፊት ለፊት ላይ የላይኛው ጎማውን ለማጋደል የሚያስተካክል ነው። ከመፍታትህ በፊት ቦታውን በቀለም ምልክት አድርግበት። ሲፈታ የጎማው ማሰሪያ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ በሽቦ እሰረው፣ አለበለዚያ አክስሉ ከመጋጠሚያው ይወጣል። ከዚያ ከላይ፣ ኮፈኑን ከፍተህ የምታያቸውን ሦስት ዳዶዎች ፈተህ ሾኩን ከነሞላው ታወጣዋለህ። መሀል ላይ ያለውን አንዱን ትልቅ ዳዶ ግን አትንካው። አሁን ልናገር የምፈልገው ስለዚህ ዳዶ ነው።

ሾኩ ወጥቶ መሬት ላይ ሲጋደም ሞላው የተኛ ይመስላል። አልተኛም። ያ የመሀል ዳዶ ብቻ ነው የያዘው። አንድ ሞላ በአንድ ሚሊሜትር 3 ኪሎ ቢሆንና 15 ሳንቲሜትር ቢጨመቅ 450 ኪሎ እየገፋ ነው። ድንገት ቢለቀቅ የሚወጣው ኃይል፣ ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሰው ቁመት ላይ ቢወረወር ከሚያደርሰው ጋር እኩል ነው። ጀሪካን ግን ሲወድቅ አይተህ ትሸሻለህ፤ ሞላ ለዓይን አይደርስም።

በጋራዡ የአሥራ ስድስት ዓመት የሰፈር ልጅ ነበረ፣ ከማታሬ የሚመጣ፣ ለመማር የቸኮለ። እኔ የፊት ቀኙን ሾክ አውጥቼ መሬት ላይ ሳስቀምጥ እሱ ለማገዝ ብሎ ቁልፍ ይዞ መሀሉ ዳዶ ላይ ጎንበስ አለ፤ ፊቱ በቀጥታ ከዘንጉ በላይ። «ተው!» ብዬ ስጮህ ጋራዡ በሙሉ ቀጥ አለ። ቁልፉን ከእጁ ወስጄ አስቀመጥኩና እጁን ይዤ ወደ ጎን አስቀመጥኩት። ምንም አልሆነም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ዳዶው እንኳ አልላላም ነበር። የዚያ ልጅ እናት ሐኪም ቤት የምትከፍለው አልነበራትም፤ እኔም ብሆን አልነበረኝም።

ያን ቀን ሥራውን አቁመን የሞላ መጭመቂያውን አሳየሁት። ሁለት ናቸው፣ እንደ መንጠቆ ያላቸው ረጃጅም ቡሎኖች። ፊት ለፊት ትይዩ ሆነው ሞላውን በሁለት ወገን ይይዛሉ፤ ሁለቱ ወደ አንድ ጎን ከተጠጉ ሞላው ይጎብጥና ያመልጣል። ክሩን ቀብተህ፣ አንዱን ጥቂት ዙር፣ ሌላውን ጥቂት ዙር፣ እያፈራረቅክ በእጅ ታጠብቃለህ። በአየር መፍቻ አይሠራም፤ ችኮላው ክሩን ይበላዋል። ሞላው ከላይኛው ሰሃን ለቆ ሲላላ በእጅህ ነቅነቅ አድርገህ ታረጋግጣለህ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ነው የመሀሉ ዳዶ የሚፈታው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፊትህ ከዘንጉ ጎን እንጂ በላዩ አይሁን፤ ሌላ ሰውም በዚያ አቅጣጫ አይቁም። መጭመቂያ የለንም ብለው በሽቦና በሰንሰለት የሚያስሩ አሉ። መጭመቂያ ከሌለ ያን ሥራ አትሥራ፣ ሌላ ብዙ ሥራ አለ።

የቀረው ቀላል ነው። አዲሱ ሞላ አጭር ስለሆነ ለመግጠም ብዙ መጨመቅ አይፈልግም። ጫፉ ደረጃው ላይ ማረፉን በጣት ትዳስሳለህ። የተቀደደ ጎሚኒ ካለ አሁን ነው የሚቀየረው። ሾኩ መጨረሻ ሲደርስ የሚያርፍበትን ጎማ ብዙ ሰው ቆርጦ ይጥለዋል፤ አይጣልም፣ ፋብሪካው አሳጥረው ካለ ባለው ልክ ብቻ ይጠራል። አራቱም ከገቡ በኋላ መኪናዋ ጥቂት ቀን ትነዳና ሞላው ቦታውን ሲይዝ አላይመንት ትገባለች። ይህን የዘለለ ሰው ጎማው ከውስጥ በኩል ሲበላ ያየዋል፤ መኪና ስትወርድ ጎማዋ አናቱን ወደ ውስጥ ያዘነብላልና፣ የፊቶቹም እርስ በርስ የሚተያዩበት ይዛባል። መብራቷንም ማስተካከል አይረሳ።

ወጣቱ በመጀመሪያው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ኩርባ ላይ እንደ ተጣበቀች መሄዷን ሲያወራ ቆየና በየሰፈሩ ያሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ ጭስ ማውጫዋ እንደሚፋቅ አልሸሸገም። ይህን ከመጀመሪያውም ነግሬው ነበር።

እዚህ ካኩማ እንዲህ ያለ መኪና ብትመጣ ከአንዱ ላጋ አሸዋ ወጥታ ሌላው ላይ ትቀበራለች። የኛ ችግር ተቃራኒው ነው። ፕሮቦክሱ ሰውና ዕቃ ከልኩ በላይ ይጫንበትና ኋላው እንዳይቀመጥ በሞላው ጥምዝ መሀል ጎማ ይወትፉበታል። ይህም ያው ማሳጠር ነው። የተወተፈበት ጥምዝ አይሠራም፣ ሥራው በቀሩት ላይ ይወድቃል፣ ሞላው ያለ ልኩ ይጠነክራል፣ ጎማው መሬት መልቀቅ ይጀምራል፣ ፍሬን ሲያዝ ኋላው ይንሸራተታል። ልጆችን ጭኖ ሎድዋር የሚሄድ መኪና ላይ ይህን ካያችሁ ሾፌሩን ጠይቁት፤ ጠንከር ያለ ሞላ ተገዝቶ ይገባል፣ ወይም ጭነቱ ይቀነሳል።

የኢምፕሬዛዋን የድሮ ሞላዎች አልጣልናቸውም። እያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ እያልኩ ጽፌ በጆንያ አድርጌ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የከተማ ስደተኞች ሁሉ ወደ ካምፕ እንዲገቡ መንግሥት ሲያዝ፣ እኔም ቤተሰቤን ይዤ ወደዚህ ልመጣ ስል ለወጣቱ ደወልኩለትና ሞላዎቹ እዚያ እንዳሉ ነገርኩት። እናቱ ጉልበታቸውን ታመው ዝቅ ካለች መኪና መውጣት ስለተቸገሩ የድሮውን ሊመልስ አስቦ ኖሯል። «አንተ ከሄድክ ማን ይሠራልኛል?» አለኝ። የማታሬውን ልጅ ስም ሰጠሁት። ካኩማ በገባን በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ራሱ ደወለልኝ፤ አራቱንም እንደመለሰ፣ አላይመንት እንዳስገባት፣ መጭመቂያውንም ቀብቶ ሳጥኑ ውስጥ እንዳስቀመጠው ነገረኝ።